ቀይ ቀበሮው ሲጠበቅ ምን ይጠበቃል? “ገንዘቡ ከብርቅዬ እንስሳት ይነሣ” ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ አንባቢ የተቀባበለው አንድ ጽሑፍ፣ ለዱር እንስሳት ጥበቃ የሚሰጠው ገንዘብ በመልካቸውና በዝናቸው ሰውን ለሚማርኩ ጥቂት እንስሳት መዋሉ እንዲቆም ይጠይቃል። ጸሐፊው ሐሳባቸውን በአምስት ነጥብ አስቀምጠዋል፦ ገንዘቡ የሚመደበው በውበት እየተመረጠ ነው፤ ዝነኛው እንስሳ ሲጠበቅ ሌላውም አብሮ ይጠበቃል የሚለው ክርክር በፓንዳ ጉዳይ ፈርሷል፤ በወሎ ከቀይ ቀበሮ የሚቀድም የሰው ችግር አለ፤ ጥበቃው ነዋሪውን ከመሬቱ ያፈናቅላል፤ ቁጥራቸው እጅግ የተመናመነ እንስሳት መጥፋታቸው ስለማይቀር ለእነርሱ መክፈል ኪሳራ ነው። ጽሑፉ በስሜት የተጻፈ አይደለም፤ ከአምስቱ ነጥቦችም ሁለቱ ውስጥ ብዙ እውነት አለ። ሆኖም ገንዘቡ በየትኛው እንስሳ ስም ተሰበሰበ የሚለው ጥያቄና ገንዘቡ መሬት ላይ ምን ሠራ የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ስለተያዙ፣ ከትክክለኛ ማስረጃ ተነሥቶ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ደርሷል ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ነጥብ የፍትሕ ነው። ለዝሆን፣ ለአንበሳ፣ ለዋልያና ለቀይ ቀበሮ ለጋሽ ሲገኝ ለእንቁራሪት፣ ለጥንብ አንሳና ለዕፅዋት አይገኝም ብለዋል። ይህን የሚክድ ያለ አይመስለኝም። እንዲያውም በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፉት የጥንብ አንሳ ጉዳይ ከዚያ የበለጠ ቦታ ይገባው ነበር። በሕንድ ለከብት ማስታገሻ ይሰጥ የነበረው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በሞተው ከብት ሥጋ ውስጥ እየቀረ የጥንብ አንሳዎችን ኩላሊት ስለሚያበላሽ፣ ቀድሞ በብዛት ይታይ የነበረ አንድ ዝርያ በ15 ዓመታት ገደማ ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ አለቀ። ምክንያቱ ተረጋግጦ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን ሀገሪቱ መድኃኒቱ ለእንስሳት እንዳይሰጥ የከለከለችው በ2006 ነው። ጥንቡን የሚያነሣው ሲጠፋ የሞተው ከብት በየሜዳው በሰበሰ፣ ውሻ ተራባ፣ ውሃ ተበከለ፤ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በዚህ ሰበብ ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ወደ 500,000 የሚጠጉ ተጨማሪ ሰዎች እንደሞቱ ገምተዋል። የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብም እ.ኤ.አ. በ2015 አራት የአፍሪካ ጥንብ አንሳ ዝርያዎችን ለመጥፋት በእጅጉ ከተቃረቡት መደብ ውስጥ አስገብቷል፤ አራቱም በሀገራችን ይገኛሉ። መላጣ ራሱንና የተጨማደደ አንገቱን አይቶ ኪሱን የሚፈታ ለጋሽ ግን ጥቂት ነው።

እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። የምለያቸው፣ ለቀይ ቀበሮ የተሰጠው ገንዘብ ቀበሮው ከዝርዝሩ ቢወጣ ወደ ጥንብ አንሳው እንደሚዛወር አድርገው ሲጽፉ ነው። ያ ገንዘብ ተከማችቶ ክፍፍል የሚጠብቅ አንድ ካዝና አይደለም። አብዛኛው አንድን እንስሳ ወድዶ ከሚሰጥ ግለሰብ የመጣ በመሆኑ፣ የወደደውን እንስሳ ሲያጣ ወደ ሌላ ሀገር እንስሳ ይሄዳል፤ ወይም ጭራሹን ወደ ሌላ በጎ አድራጎት ይዞራል። የእንስሳው ስም በፖስታ ላይ እንደተጻፈ አድራሻ ነው፤ አድራሻው ሲፋቅ ፖስታው ወደ ጎረቤት አይደርስም። የመንግሥት በጀት ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ እርሱ በእርግጥ አንድ ካዝና ስለሆነና ከፋዩም እንስሳ ስለማይመርጥ፣ የጸሐፊው የፍትሕ ጥያቄ ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው እዚያ ላይ ነው። በደን ውስጥ በዱር የሚበቅለው የአረቢካ ቡና ራሱ በቀይ መዝገቡ ለመጥፋት ከተጋለጡት ተርታ ተመዝግቧል። የሀገራችን የዘር ባንክ እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው ለእንዲህ ዓይነቱ ለጋሽ አልባ ሀብት ነው፤ የመንግሥት ብር መጀመሪያ ወደዚያ ይሂድ ቢሉ ኖሮ ይህን ምላሽ የምጽፍበት ምክንያት ባልነበረ።

ሁለተኛው ነጥብ የፓንዳው ነው፤ ከጽሑፉ ሁሉ ጠንካራው ማስረጃም ይኸው ነው። ቻይና ለፓንዳ የከለለቻቸውን መሬቶች የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት፣ ፓንዳው በተጠበቀባቸው ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ነብር ከነበረባቸው ጥብቅ ስፍራዎች በ81 በመቶው፣ ተኩላ በ77 በመቶው፣ ዶል የተባለው ቀይ የእስያ የዱር ውሻ ደግሞ በ95 በመቶው እንደጠፋ አሳይቷል። ጸሐፊው ይህን ይዘው ዝነኛው እንስሳ ሌላውን ይጠብቃል የሚለው ተረት ነው ብለው ዘግተውታል። ነገር ግን ያው ጥናት ምክንያቱንም አስቀምጧል፦ ፓንዳ ቀርከሃ እየበላ በጠባብ ስፍራ የሚኖር ሲሆን፣ ነብርና ዶል ብዙ እጥፍ የሚሰፋ መሬት ስለሚፈልጉ ለአንዱ የተለካው አጥር ለሌላው አልበቃም። ከእርሱ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ እነዚያው የፓንዳ ጥብቅ ስፍራዎች በውሃ፣ በአፈርና በመሳሰለው የሚሰጡት ጥቅም ለጥበቃው ከሚወጣው ወጪ ከ10 እስከ 27 እጥፍ እንደሚደርስ አስልቷል። ሁለቱ አይቃረኑም። ፓንዳው ውሃውን ጠብቋል፤ ነብሩን አልጠበቀም። ስለዚህ ከማስረጃው የሚወጣው ትምህርት የትኛው እንስሳ ከምን ጋር እንደተሳሰረ ሳያረጋግጡ በስሙ ቃል አይገባ የሚል እንጂ ዝነኛ እንስሳ ሁሉ ይተው የሚል አይደለም።

ቀይ ቀበሮን በዚህ መለኪያ እንመልከተው። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጭ የሚኖር፣ ምግቡም ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ብቻ የሆነ አዳኝ ነው። አይጡ የሚኖረው ጓሳው፣ ማለትም የውርጩ ረጅም ሣር፣ ሳይታረስና ከልክ በላይ ሳይጋጥ ሲቀር ነው። ገብሱ ሽቅብ እየወጣ ጓሳውን ሲተካው ቀበሮው ሌላ ሥጋ አያገኝም፤ ወደ ቆላም መውረድ አይችልም። በመንዝ ጓሳ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከጭላዳ መንጋ ጋር የሚያድን ቀበሮ ከሙከራዎቹ በ67 በመቶው አይጥ ሲይዝ፣ ብቻውን የሚያድነው የሚሳካለት በ25 በመቶው ብቻ መሆኑን መዝግቧል። ጭላዳ የሌለበት፣ ሣሩ ያለቀበት ተራራ ላይ ቀበሮ ብቻውን ነጥሎ ማዳን አይቻልም ማለት ነው። በአንጻሩ ቀበሮው ከውርጩ በታች ላለው ደን ዋስትና አይሆንም፤ በደቡብ ወሎ በቦረና ሳይንት ያለውን የደንቆሮ ጫካ ታችኛ ክፍል ቀበሮ ይጠብቀዋል የሚል ሰው ካለ፣ ጸሐፊው በፓንዳው ላይ ያነሡት ወቀሳ በትክክል እርሱን ያገኘዋል።

ሦስተኛው ነጥብ የእኛው ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ። ጸሐፊው እንደሚሉት፣ የቦርከና ወንዝ በኮምቦልቻ ሲያልፍ ቀለሙ ተለውጦና ሸትቶ እየወረደ፣ ከታች ያለው የጨፋ እርጥብ መሬት አርብቶ አደሩ በበጋ ከብቱን የሚያሳርፍበት ሆኖ ሳለ፣ የጦሳ ተራራም በባሕር ዛፍ ብቻ ተሸፍኖ ሳለ፣ በቦረና ሳይንት ከፍታዎች ላሉ ጥቂት ቀበሮዎች መክፈል ቅንጦት ነው።

ስለ ቦርከና የምመልሰው አጭር ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ አካል እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይደነግጋል። የወንዙን መጽጃ ከለጋሽ ኪስ መፈለግ በሕግ ዕዳ ያለበትን ወገን ከዕዳው ነጻ ማውጣት ነው፤ ጸሐፊው ይህን አስበው እንዳልጻፉት እረዳለሁ፣ ሐሳባቸው የሚያደርሰው ግን ወደዚያው ነው። የጦሳ ጉዳይም ከቀበሮው ጋር የሚሻማ አይደለም፤ ለችግኝ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ የሚካሄደው የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር አለ፤ እዚያ የጎደለው ከተከላ በኋላ የሚደረገው ጥበቃና ከባሕር ዛፍ ሌላ የሀገር በቀል ዝርያ ምርጫ ይመስለኛል።

ዋናው ነገር ጸሐፊው የሰው ችግር ብለው ከዘረዘሩት ውስጥ የእብድ ውሻ በሽታን አለማንሣታቸው ነው፤ የቀበሮው ጉዳይና የሰው ጉዳይ አንድ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነውና። ቀይ ቀበሮን በአንድ ጊዜ በብዛት የሚገድለው ጥይት ወይም ረኃብ ሳይሆን ከብት ጠባቂው ይዞት ከሚወጣው ውሻ የሚተላለፍ ይኸው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች በተነሣው ወረርሽኝ፣ በሽታው በገባበት የዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጁ ያህል አልቋል። ያው ቫይረስ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ለደሴ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ሰውን ከሚይዘው ውስጥም እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው መፍትሔ ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን ያለማቋረጥ መከተብ ሲሆን፣ ውሻን በጅምላ መግደል በሽታውን እንደማይገታ በግልጽ ያስቀምጣል። ለቀበሮው ጥበቃ የተቋቋመው ፕሮግራም በባሌ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየዓመቱ የሚያደርገውም የነዋሪውን ውሻ መከተብ ነው። በቀበሮ ስም የመጣው ብር የሚገባው በገበሬው ውሻ ጭን ውስጥ ነው፤ ተጠቃሚው ደግሞ ቀበሮው ብቻ ሳይሆን ያ ውሻ በር ላይ ሲጫወቱበት የሚውሉት ልጆችም ናቸው።

እንግዲያው ክትባቱ እንደ ጤና ሥራ ለምን በቀጥታ አይከፈልም፣ ቀበሮው ምን ያደርጋል የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች ውስጥ ሥራው በእርግጥ የጤናና የእንስሳት ሕክምና መሥሪያ ቤቶች ነው፤ ከቀበሮ ገንዘብ ሊጠበቅ አይገባም። ከመንገድ ርቆ በውርጭ ላይ ተበትኖ ወዳለ ጎጥ ክትባት በቀዝቃዛ ሣጥን ተሸክሞ መውጣት ግን ለአንድ ውሻ የሚያስወጣው ወጪ ከፍተኛ፣ የሚደርስለት ሕዝብ ጥቂት ስለሆነ፣ በሰው ቁጥር ብቻ በሚከፋፈል በጀት ውስጥ ዘወትር መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ ነው። ቀበሮው ያን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል። የውርጭ ገበሬ በራሱ መብት ሊያገኘው የሚገባውን አገልግሎት በቀበሮ ምክንያት ማግኘቱ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ እኔንም ቅር ያሰኘኛል። ቅሬታው ግን አገልግሎቱን ለማንሣት ምክንያት አይሆንም።

ጥንብ አንሳውም እዚሁ ላይ ይገናኛል። በሀገራችን ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በስትሪክኒን መርዝ የመግደል ልማድ አለ። የተመረዘው ውሻ ሬሳ ሜዳ ላይ ሲጣል መርዙ ወደሚበላው ጥንብ አንሳ ይሻገራል። መርዙ ቀርቶ ክትባት ቢተካው ዝነኛው ቀበሮ፣ ዝና የሌለው ጥንብ አንሳና የሰፈራችን ሕፃን በአንድ ወጪ ይጠበቃሉ። ጸሐፊው ለውብና ለአስቀያሚ እንስሳ ሁለት የተለያየ መዝገብ ከፍተው ያስቀመጡት ሒሳብ ይህን ዓይነት ወጪ የሚያስገባበት ዐምድ የለውም።

አራተኛው ነጥብ መፈናቀል ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ገብቶ፣ በ2017 ከዚያ ዝርዝር እስኪወጣ ድረስ ከተጠየቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ ያለውን እርሻና ግጦሽ መቀነስ ነበር፤ በዚህም ሂደት የግጭ መንደር ከ400 በላይ አባወራዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደርጓል። ካሳና ቤት ተሰጥቷል የሚል መልስ አለ፤ ገብስና በግ ያውቅ የነበረ ገበሬ በከተማ ዳር ምን ሠርቶ ይበላል የሚለውን ግን አይመልስም። ጸሐፊው ይህን ሲያነሡ የምከላከልበት ነገር የለኝም፤ የምከላከለውም አይደለሁም።

ነገር ግን ግጭን የጠቀሱ ሰው ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በስተ ምዕራብ ያለውን መንዝ ጓሳን ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ሒሳቡን ያጎድለዋል። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ያን ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቁት የአስቦና የገራ ዘሮች በአጽመ ርስት ደንባቸው ነው፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ሣር እስኪያድግ ለዓመታት ይዘጉታል፣ ሲደርስም በጋራ ወስነው ይከፍቱታል፣ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። ማንም ስለ ቀበሮ አላሰበም ነበር፤ ቀበሮው ግን ሣሩ ስለተጠበቀ እዚያው አለ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የርስት መብትን ሲያስቀር ደንቡ መሠረቱን አጣና ጓሳው ተጎዳ፤ ከዚያም ነዋሪው ራሱ በአዲስ መልክ በኮሚቴ አደራጀው፣ ክልሉም በማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነት ዕውቅና ሰጠው። ሁለቱን ስፍራዎች የሚለያቸው ዝነኛ እንስሳ መኖር አለመኖሩ አይደለም፤ በሁለቱም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለ። የሚለያቸው ስለ ሣሩ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። ስለዚህ በቦረና ሳይንት ወረኢመኖ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ለጥበቃ የሚመጣ ገንዘብ አርሶ አደሩን ለማስነሣት ከዋለ ጸሐፊውና እኔ በአንድ ወገን ቆመን እንቃወማለን፤ ነዋሪው የግጦሽ ደንቡን እንዲያወጣና ከራሱ ልጆች መካከል ለሚመረጡ ጠባቂዎች ደመወዝ ለመክፈል ከዋለ ግን የሚቃወሙበት ምክንያት በጽሑፋቸው ውስጥ አላገኘሁም።

አምስተኛው ነጥብ፣ ቁጥሩ ያለቀ እንስሳ ይተው የሚለው፣ በመርሕ ደረጃ ከሚመስለው ያነሰ ጨካኝ ነው። ገንዘብ ውስን ሲሆን የማይድነውን ከሚድነው መለየት ግዴታ ነው። ጸሐፊው ያቀረቡት የሰሜናዊው ነጭ አውራሪስ ምሳሌ ትክክል ነው፤ የመጨረሻው ወንድ እ.ኤ.አ. በ2018 ከሞተ በኋላ የቀሩት ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፣ ተስፋውም በቤተ ሙከራ በሚዳብር ጽንስ ላይ ተንጠልጥሏል። ምርጫው የእኔ ቢሆን ከትንሽ ካዝና ለዚያ አልከፍልም። ነገር ግን ያው ምሳሌ ከጎኑ የሚቆም ሌላ ታሪክ አለው። ደቡባዊው ነጭ አውራሪስ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከ100 በታች ደርሶ ነበር፤ መሬቱ ተከልሎ ከአዳኝ በመጠበቁ ዛሬ ከ10,000 በላይ ነው። ሰሜናዊው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከ2,000 በላይ ነበር፤ ያኔ ጥበቃ የጎደለው ዛሬ ለሁለት እንስሳ ቤተ ሙከራ ይከፈልበታል። ቁጥር ብቻውን የሚድነውን ከማይድነው አይለይም፤ የሚለየው ገዳዩ ምክንያት የታወቀና ሊወገድ የሚችል መሆን አለመሆኑ ነው።

ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች በሀገሪቱ ሁሉ ወደ 500 ይገመታሉ፤ ከግማሽ በላዮቹ በባሌ ናቸው። በጎጃም ጮቄና በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ የነበሩት ጠፍተዋል። እነዚህን ቁጥሮች ጸሐፊው ተስፋ መቁረጫ አድርገው አቅርበዋቸዋል። እኔ የማነብባቸው በሌላ መንገድ ነው፤ የቀበሮው ገዳይ ስሙም መድኃኒቱም የታወቀ ነውና። በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ በሸለቆዎቹ መገናኛ ላይ የነበሩ ወደ 70 የሚሆኑ ቀበሮዎች ተይዘው ሲከተቡ በሽታው ወደ ቀሪዎቹ ሳይሻገር ቆሟል። ከወረርሽኙ ቀደም ብሎ የታተመ ስሌትም ከቀበሮዎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን መከተብ ከትልቁ እልቂት ለመዳን እንደሚበቃ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ቀበሮውን መያዝ ሳያስፈልግ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ ማታ ማታ በግዛቱ ላይ ማኖር ተጀምሯል። ይህ ከአውራሪሱ ቤተ ሙከራ ጋር በአንድ ዐምድ የሚሰፍር ወጪ አይደለም።

ጸሐፊው በማጠቃለያቸው በስም ለተጠቀሱ እንስሳት የሚመደበው ገንዘብ በሙሉ ተነሥቶ “ለአካባቢ ጥበቃ” በሚል አንድ ርዕስ እንዲጠቃለል ሐሳብ ሰጥተዋል። የተጠቃለለ ርዕስ ማን ምን እንደሠራበት ለመጠየቅ አያመችም፤ ይህን በየመሥሪያ ቤቱ የዓመት ሪፖርት ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። እኔ የምጠይቀው ተቃራኒውን ነው፦ በቀበሮ ስም ብር የተቀበለ ሁሉ በየዓመቱ ስንት ውሻ እንደተከተበ፣ ስንት ሄክታር ጓሳ ሳይታረስ እንደቀረና ከወጪው ስንት እጁ በወረዳው ነዋሪ ደመወዝነት እንደተከፈለ ለነዋሪው በአማርኛ ያሳውቅ። ያን ማሳየት ያልቻለ ፕሮጀክት እንስሳው የቱንም ያህል ቢያምር ይዘጋ። ጸሐፊውም ወደ ጉዳዩ ሲመለሱ አንድ ነገር እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ፤ ቀበሮው ከበጀቱ መዝገብ በተሰረዘ ማግስት በቦረና ሳይንት ውርጭ ላይ ያለውን ውሻ ክትባት ተሸክሞ የሚወጣለት የትኛው መሥሪያ ቤት ነው፣ ከየትኛው ገንዘብስ ነው?